የአስታዋሿ እርሳስ

አክስቷ ደብተሩን ገልብጣ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋችላት። «ቀስ በይ አልኩሽ እኮ!» ይላል። «ቀስ» ከሚለው ሥር ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ሦስተኛው መስመር ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

«ቀስ ብዬ ነው እኮ ያልኩት!» አለች ልጅቷ።

«ሰምተናል፣ ሰምተናል!» የሚል የጎረቤት ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ።

አክስቷ ልትስቅ አፏን ከፈተችና የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ ሲላት መልሳ ከደነችው። ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደህና የመዝገብ ስም አላት፤ ቤተሰቡ ግን በአራስነቷ መጀመሪያ ካለቀሰችበት ቀን ጀምሮ «ደወል» እያለ ነው የሚጠራት። ስም አውጪው አልተሳሳተም። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ደወል ተበላሽቶ ርእሰ መምህሩ እየሳቁ «በይ እስኪ አንቺ ወጣ ብለሽ ‹ዕረፍት› በይልን» አሏት። ቀልዳቸውን ነበር። እሷ ግን ወጥታ አለች፤ አራቱም ፎቅ ባንዴ ባዶ ሆነ።

እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ ለቅዳሜ የቴአትር አስታዋሽ እንድትሆን የተመረጠችው።

እውነተኛዋ አስታዋሽ አክስቷ ናት። ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የተውኔቱን ጽሑፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ተዋንያኑን መስመር በመስመር ስትከተል ኖራለች። አንዱ ቃሉ ሲጠፋበት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ታቀብለዋለች፤ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ተመልካች ድምጿን ሰምቶ አያውቅም። ባለፈው ሰኞ ግን ጉንፋን ያዛትና ያ ድምፅ ለራሷም የማይሰማት ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ «አሥር ቀን አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ» አላት። ቴአትሩ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ደወል ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት መልስ በርጩማው አጠገብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ያደገች ናት። ተውኔቱን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

አክስቷ ደብተሩን መልሳ ወሰደችና መጻፍ ጀመረች። ስትናገር ቁጥብ ናት፤ ስትጽፍ ግን ማን ይቻላት!

«ሹክሹክታ አይደለም። ሹክሹክታ ፉጨት አለው፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ከደረትሽ አውጪው። ሁለተኛ፦ ዝም ያለ ሁሉ ረሳ ማለት አይደለም። ዓይኑን እዪ። ሰው ላይ ካረፈ እያሰበ ነው፤ ተዪው፣ ዝምታው የራሱ ነው። ወደ ጣሪያ ከሄደ ረስቷል፤ አቀብዪው።»

«ጋሽ ትዝ አለኝስ?»

አክስቷ ሳታመነታ ጻፈች። «እሳቸውን ሁልጊዜ።»

ጋሽ ትዝ አለኝ ዋናው ተዋናይ ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ድምፃቸው ግርማ አለው፣ አካሄዳቸው ግርማ አለው፤ የጎደላቸው ማስታወስ ብቻ ነው። ቃል ከተቀበሉ በኋላ ከመድረክ ሲወርዱ «ትዝ አለኝ እኮ! ትዝ ሊለኝ ሲል ነው የቀደምሽኝ!» ይላሉ። ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ደወል ጽሑፉን ገለጠች። ርዕሱ «የቁልፍ ሠሪው ቤት» ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ ሲሠራ ኖሮ፣ አንድ ልጁ ቤት ለቃ የምትሄድበት ቀን ስለደረሰበት አባት የሚተርክ ተውኔት ነው። እስከ ዛሬ በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም ነበርና ገጽ ሰባት ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«አክስቴ፣ ጋሽ ትዝ አለኝ እዚህ ጋ የሚሉት ይሄን አይደለም።»

አክስቷ ድንገት ብርጭቆ ማጠብ አማራት።

በታይፕ የተመታው «ጎረቤቴ ሆይ፣ ቁልፍህ ዝጓልና በአስቸኳይ ሌላ ያስፈልግሃል» ይላል። ከላዩ ግን በቀጭን እርሳስ፣ ደወል በምታውቀው ወደ ግራ በሚያዘነብል የእጅ ጽሑፍ፣ «ቁልፍህማ ምን አደረገ? የተቆለፈው ያንተ ፊት ነው!» ተብሏል። አዳራሹ በሳቅ የሚፈርሰው በዚህኛው ነው። ገለጠች፤ ሌላ እርሳስ። ገለጠች፤ ሌላ። ሃያ ሦስት ቦታ። ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚደጋግማቸው፣ ደወል ራሷ ገላዋን ስትታጠብ የምትላቸው ቃላት ሁሉ በእርሳስ የተጻፉት ናቸው።

«አንቺ ነሽ?!»

«ኧረ ሰማን!» አለ ጎረቤት።

አክስቷ እጇን አደራርቃ መጣች። ጆሮዋ ቀልቷል። ደብተሩን ሳበችና ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

«አንድ ቀን ገጹ ላይ ሻይ ፈሰሰበት። ጋሽ ትዝ አለኝ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ እኔ ሻይ ሻዩን አያለሁ። ምን ላድርግ? የመጣልኝን አቀበልኳቸው። ሕዝቡ ሳቀ። በማግስቱ ‹የትናንቱን ስጪኝ፣ እሱ ለአፍ ይመቻል› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለመደብኝ።»

ደወል ሳቀችና ወዲያው ደግሞ ደረቷ በኩራት ሞቀ። ፍራሿ ሥር የደበቀችው ደብተር አለ፤ ውስጡ በእርሳስ ተጀምሮ ያላለቀ ተውኔት አለ። እስከ ዛሬ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ አመል ያለባት እሷ ብቻ ትመስላት ነበር።

«ታዲያ ለምን ስምሽን አትጽፊበትም? ደራሲ ነሽ እኮ!»

አክስቷ የእርሳሱን ጫፍ ትንሽ አኘከችው። «የደራሲ ስም ፖስተር ላይ ነው። የእኔ ስም ጠዋት ስገባ በምፈርምበት መዝገብ ላይ አለ፤ ይበቃኛል።»

በማግስቱ ሐሙስ፣ ይበቃኛል ያለችው እሱም ሊቀርባት ደረሰ።

አዘጋጁ ቴአትር ቤቱ ከገባ ዓመት ያልሞላው፣ ሲደሰትም ሲደነግጥም እጁን የሚያፋትግ ወጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መድረክ ላይ ሰብስቦ እጁን እያፋተገ ቆመ፤ የቱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«የምሥራች ነው! ቅዳሜ ተውኔቱ ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ደራሲዋ ራሳቸው ይመጣሉ!»

ደራሲዋ ሩቅ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ይህንን መድረክ አላዩትም። ታሪካቸው ግን እዚህ ድረስ ይሰማል። ሌላ ቴአትር ቤት ውስጥ አንድ ተዋናይ ከራሱ አንዲት ሰላምታ ቢጨምር ደራሲዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ጽሑፋቸውን በብብታቸው ይዘው ወጥተዋል አሉ። ተውኔቱም ከዚያ ቀን ወዲያ እዚያ ታይቶ አያውቅም።

«ስለዚህ አደራ» አለ አዘጋጁ። «እንደ ሁልጊዜው ልክ እንደተጻፈው! አንዲት ቃል ብትዛባ ተውኔቱ ይሄዳል። ያዛባው ሰውም አብሮ ይሄዳል።»

ምስኪን፣ ተውኔቱን ስንት ጊዜ ስላየው ማንበብ አስፈልጎት አያውቅም። የሚሰማው ሁሉ የተጻፈው ይመስለዋል። ደወል አክስቷን ዘወር ብላ አየቻት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እጇ የሹራቧን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል።

እንደ እድል ሆኖ፣ የሚረሱት ጋሽ ትዝ አለኝ ብቻ ስለሆኑ ሃያ ሦስቱም መስመሮች የእሳቸው ናቸው። አክስቷ ሰው ሲበተን ጠብቃ ጥግ ይዛቸው ሄደችና ደብተሩን ዘረጋችላቸው። «ቅዳሜ በታይፕ ያለውን ብቻ!»

«በታይፕ ያለውን?» አሉ። «እሱንማ ከረሳሁት አሥራ ምናምን ዓመቴ! እኔ የማውቀው ያንቺን ነው።»

«ሲረሱ ደወል ታቀብልዎታለች» ብላ ጻፈች።

«እንግዲያው ሁሉንም እረሳዋለሁ» አሉ ጋሽ ትዝ አለኝ፤ ቃላቸውን የሚጠብቁበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

አርብ ከትምህርት መልስ አክስቷ ጽሑፉንና ላጲስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻት። ደወል ምን እንደሆነ ለመረዳት ደብተር አላስፈለጋትም።

«ሁሉንም ላጥፋው?»

አክስቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እርሳሱ እዚያ ካለ ነገ በጥድፊያ ዓይኗ ሊስትና የተሳሳተውን ልታቀብል ትችላለች፤ ደግሞም ደራሲዋ ጽሑፉን እንይ ቢሉስ?

ደወል ማጥፋት ጀመረች። እያንዳንዱን መጀመሪያ ታነበዋለች፣ ከዚያ ታጠፋዋለች። የላጲሱ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። አክስቷ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የተጣጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ አባትየው ሻንጣ ይዛ ለምትወጣው ልጁ የሚናገረው ነበር። በታይፕ «ሂጂ ልጄ፤ ሕይወት ረጅም ጉዞ ናትና በማስተዋል ተጓዢ፤ መልካሙ ሁሉ ይግጠምሽ» ይላል። በእርሳስ ግን «ሂጂ ልጄ። በሩን ግን አንቺ አትዝጊው። የእግርሽ ድምፅ ሲያልቅ እኔው እዘጋዋለሁ።»

«አክስቴ፣ ይሄንንም?»

አክስቷ መጣች። መስመሩን እንደ ልጅ ፎቶ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ደወል አጠፋችው፤ አክስቷ ጎንበስ ብላ ፍርፋሪውን በትንፋሿ እፍ አለችውና ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋት ሄደች።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ደወል በርጩማው ላይ ተቀምጣ በመጋረጃው ስንጥቅ አጮለቀች። ደራሲዋ የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ናቸው። ትንሽ ሴትዮ፣ ትልቅ መነጽር። ምርኩዝ ይዘዋል፤ ከመደገፍ ይልቅ ለመጠቆም የሚጠቀሙበት ይመስላል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አዘጋጁ «አንጋፋዋ ሠራተኛችን ናት» ብሎ አክስቷን ወስዶ እሳቸው ጎን አስቀምጧታል። ምስኪኗ አክስት ድምፅ የላት፣ ማምለጫ የላት፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ይዛ ትንፋሿን ትቆጥራለች።

መጋረጃው ተከፈተ። ጋሽ ትዝ አለኝ ገቡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ አራተኛው መስመር ላይ ዓይናቸው ወደ ጣሪያ ወጣ። ደወል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከደረቷ አወጣችው። ተቀበሉ። ከአዳራሹ ማንም ዞር አላለም። ደስ አላት! ሁለተኛውንም አቀበለች፣ ሦስተኛውንም። ጋሽ ትዝ አለኝ የተመታውን እየተቀበሉ ይናገሩታል፤ ግን በተቀበሉ ቁጥር መራራ ኪኒን እንደዋጠ ሰው ፊታቸው ጭምድድ ይላል። «ጎረቤቴ ሆይ፣ ቁልፍህ ዝጓልና» ሲሉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ የነበረው አዳራሽ ዝም አለ። ተውኔቱን ስምንት ጊዜ ያዩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ለጎኑ «ዛሬ ምን ነካቸው?» ሲል ደወል ጆሮ ገባ። ደራሲዋ ምርኩዛቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያዩታል፤ አላዛጉም እንጂ ለማዛጋት ብዙ የቀራቸው አይመስልም።

እንዲህ እየተጎተተ የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ልጂቱ ሻንጣዋን አንሥታ በሩ ጋ ቆመች። ጋሽ ትዝ አለኝ ተነሡ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ። ዝም አሉ።

ደወል ዓይናቸውን ፈለገች። ልጂቱ ላይ ነው። እያሰቡ ነው፤ ተዪው። ከዚያ ግን ዓይናቸው ከልጂቱ ተነሣ። ወደ ጣሪያም አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ መጋረጃው ስንጥቅ መጣና እሷ ላይ ዐረፈ።

ይሄንን አክስቷ አላስተማረቻትም።

«ሂጂ ልጄ፤ ሕይወት ረጅም…» አለች ዝቅ ብላ።

አልተቀበሉም። ደገመችላቸው። ሽማግሌው ተመልካች በማያየው ሁኔታ ራሳቸውን ወዘወዙ። ያን ጊዜ ገባት፤ አልረሱም። ይህችን አንዷን አልልም እያሉ ነው። ሃያ ሁለቱን ዋጡ፣ ይህችን መዋጥ አቃታቸው።

ደወል ጽሑፉን አየች። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በስንጥቁ አክስቷን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ለሦስተኛ ጊዜ ብትደግምላቸው ሽማግሌው ሥራ አክባሪ ናቸውና ይሉታል። መጋረጃው ይዘጋል፣ ደራሲዋ ደህና ዋሉ ብለው ይሄዳሉ፣ አክስቷም ሰኞ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ሁሉም ሰላም ይሆናል፤ ያቺ መስመር ግን ላጲስ ፍርፋሪ ሆና ትቀራለች። ሌላውን ብታቀብል ደግሞ… አዳራሹ ማሳል ጀምሯል። ጽሑፉን ጭኗ ላይ ከደነችው።

ቀስ ብላ ልትለው ነበር። እውነት ለመናገር ቀስ ብላ ልትለው ነበር።

«በሩን ግን አንቺ አትዝጊው!»

ደወል ደወል ነው። መድረኩን አቋርጦ፣ አዳራሹን ዞሮ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተኛ አንድ ሰውዬ ቀስቅሶ ተመለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ደወል አፏን በሁለት እጇ ብትይዝም ዘግይቷል።

ጋሽ ትዝ አለኝ ግን ፊታቸው በራ። ወደ ልጂቱ ዞሩና፣ ያ ግርማ ያለው ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ሂጂ ልጄ» አሉ። «በሩን ግን አንቺ አትዝጊው። የእግርሽ ድምፅ ሲያልቅ… እኔው እዘጋዋለሁ።»

ልጂቱ ወጣች። እግሯ ከመድረኩ ጀርባ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ሽማግሌው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። አዳራሹ እያጨበጨበ ብድግ አለ።

ጭብጨባው ገና ሳያልቅ የምርኩዝ ድምፅ በመተላለፊያው መጣ። የመልበሻ ክፍሉ በር ተከፈተ፤ ደራሲዋ ገቡ፣ አክስቷ ከኋላቸው፣ አዘጋጁ እጁን እያፋተገ ከሁሉም ኋላ። ጋሽ ትዝ አለኝ መስተዋቱ ፊት ተቀምጠው ጢማቸውን እየፈቱ ነበር፤ ግማሹ አገጫቸው ላይ ቀረ።

«ያቀበለችው የታለች?»

«እኔ ነኝ» አለች ደወል፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ አልሰማ አለ።

«ጽሑፉን አምጪው።»

ደራሲዋ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው መነጽራቸውን አስጠጉ። ከዚያ ወረቀቱን አዘንብለው ወደ መስተዋቱ አምፖል ያዙት። እርሳሱ ጠፍቷል፣ የእርሳሱ ጭረት ግን ወረቀቱ ላይ ሰርጉዶ ቀርቷል። በብርሃኑ ፊደል በፊደል ታየ። ሌላ ገጽ ገለጡ። ሌላም።

«ላጲስ ገብቶበታል» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩትን ሳጠፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የጠፋ ቃል አይሸሸገኝም። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ምንም የማውቀው…» ብሎ አዘጋጁ ጀመረ።

«እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ትዝ አለኝ፣ በግማሽ ጢማቸው ተነሥተው።

«አንተ? የቤትህን ቁጥር ካርድ ላይ ጽፈህ የምትዞረው?» አሏቸው ደራሲዋ፤ ለካ ድሮ ይተዋወቃሉ። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ።

ደወል «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። ማን ልጅን ከሥራ ያባርራል? ቢበዛ ይቆጧታል፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ አክስቷም ትድናለች። ከንፈሯን ከፈተች። ግን በዚያ ቅጽበት አክስቷን አየቻት። አክስቷ በሩ ጋ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ዓይኗ ወለሉን አያይም፣ ጣሪያውንም አያይም። ደራሲዋ ላይ ዐርፏል።

እያሰበች ነው። ተዪው፣ ዝምታው የራሷ ነው።

ደወል አፏን ዘጋች። ከበርጩማው ሥር ያነሣችው እርሳስ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አወጣችና ምንም ሳትል ለአክስቷ ዘረጋችላት። አክስቷ እርሳሱን አየች፣ ደወልን አየች። ተቀበለቻት። ጻፈችና ደብተሩን ለደራሲዋ አዞረችው።

«እኔ ነኝ። ሃያ ሦስቱንም።»

ደራሲዋ አነበቡት። ጽሑፉን አጥፈው በብብታቸው ሥር ሲያደርጉት አዘጋጁ እጁን ማፋተጉን ተወ።

«በዚያኛው ቴአትር ቤት ያ ተዋናይ ሰላምታ የጨመረው ሰው እንዲያጨበጭብለት ነው» አሉ። «ይሄ ሌላ ነገር ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለው የአማት ቀልድ ግን አስቀያሚ ነው።»

አክስቷ ደብተሩን ነጠቀች፤ ፍርሃቷ የት እንደገባ እንጃ። «ሕዝቡ ይስቅበታል!»

«ሕዝብ ሰው አዳልጦት ሲወድቅም ይስቃል።»

«የእርስዎ ጎረቤት ‹በአስቸኳይ› ይላል። ጎረቤት ለጎረቤቱ ‹በአስቸኳይ› ይላል እንዴ?»

ደራሲዋ ጽሑፉን ከብብታቸው አውጥተው ቦታውን ፈለጉ። «…አይልም» አሉ። ከዚያ ሁለቱም እንደ ሁለት ተማሪዎች ጽሑፉ ላይ ተደፉ። አንዷ በአፏ፣ አንዷ በእርሳሷ፣ ገጽ በገጽ እየተከራከሩ ሄዱ። ደራሲዋ በምርኩዛቸው ይጠቁማሉ፤ አክስቷ እያሰመረች ትመልሳለች። ጋሽ ትዝ አለኝ ለእያንዳንዱ መስመር «እሱን አስታውሳለሁ!» ይላሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ደራሲዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ይህችን ቦታ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌያታለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «አንድም ቀን አልሆነችልኝም። ያን ጊዜ የእኔ ልጅ ገና ከቤት አልወጣችም ነበር፤ የእግር ድምፅ አላውቅም። አንቺ ከየት አመጣሽው?»

አክስቷ እርሳሷን አስቀመጠች። በጣቷ ወደ ደወል ጠቆመች፤ በየማለዳው ደረጃውን እየደበደበች ትምህርት ቤት ወደምትሮጠው ልጅ። ደወል የሚያለቅሱት ሌሎች መስለዋት ነበር፤ ለካ እሷ ናት።

«በሉ» አሉ ደራሲዋ ምርኩዛቸውን እያነሡ። «ያጠፋችሁት ሁሉ ወደ ቦታው ይመለስ። የአማቱ ቀልድ ግን አይመለስም። ከሥሩ የጻፈችው ሰው ስም ይኑር፤ ስም የሌለው ቃል አልወድም። ፖስተሩንም አንተ አስተካክለው» አሉና አዘጋጁን አዩት። አዘጋጁ እጁን አፋተገ፤ አሁን በደስታ እንደሆነ በግልጽ ታየ። በሩ ጋ ደርሰው ወደ ደወል ዞሩ። «አንቺስ? ትጽፊያለሽ?»

«አልፎ አልፎ።»

«በምን?»

«በእርሳስ።»

ደራሲዋ «እንዲህ ነው ነገሩ» ብለው እየሳቁ ወጡ።

እሑድ ጠዋት ጽሑፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ደወል እያንዳንዱን መስመር በቃሏ ትላለች፤ ስታጠፋቸው አንብባቸው ነበርና አንዱም አልጠፋባትም።

«ገጽ ዘጠኝ!» አለች። «‹አማቴና ቁልፌ አንድ ናቸው…›»

«እሱ ቀርቷል አላሉም?» አለ ጎረቤት ከግድግዳው ወዲያ፤ ትናንት አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ማታ ደግሞ ወሬው እዚህ ድረስ በደወል ድምፅ ደርሶታል።

አክስቷ ደብተሩ ላይ «እሱ በቀስታ ይመለሳል» ብላ ጻፈችና ዓይኗን ጠቀሰች። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ራሷ ስባ እርሳሷን ለማንሣት እጇን ዘረጋች። እርሳሱ የለም። ጠረጴዛው ሥር አየች፣ ጆሮዋ ላይ ዳሰሰች።

ደወል ፍራሿ ሥር የነበረውን ደብተር አምጥታ ከአክስቷ ትይዩ ተቀመጠች። እርሳሱ ኪሷ ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም። በምትኩ ጠዋት ከሱቅ የገዛቻቸውን፣ ላጲስ የማይበግራቸውን ሁለት እስክሪብቶዎች አውጥታ አንዱን ከአክስቷ ፊት አስቀመጠች፤ የሌላውን ክዳን ነቅላ የራሷን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች።